ቅማል ልመና

ጥሩብርሃንን ኮልፌ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ በመጥረጊያዋ ያውቃታል። ግቢዋን ጠርጋ ስትጨርስ ደጁን ትጠርጋለች፤ ደጁን ስትጨርስ መንገዱን። ሰው ጭቃውን አቡክቶ ሲያልፍ ቆማ ትጠብቅና እግሩ ከተነሣበት ላይ ትጠርጋለች። በሐምሌ ዝናብ ጭቃ መጥረግ ምን ይሉታል ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እግሩ ይታይ ነበርና።

ባሏ ገብረአምላክ አናጢ ነው። ቤቱን የሠራው ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰው ሥራ በተረፈው ጊዜ፣ ሳንቃ በሳንቃ እየገጠመ ነው። ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳንቃ ወለል። በዚያ አካባቢ የሳንቃ ወለል ያለው ሌላ ቤት አልነበረም። ጥሩብርሃን ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበቷ ተንበርክካ በአሸዋ ትፈትገዋለች። ገብረአምላክ በገዛ እጁ በሠራው ቤት ውስጥ በእግሩ ጣት መሄድ ከለመደ ቆይቷል።

ይህ ንጽሕና አንዲት ጠላት አፍርቶላታል። ጎረቤቷ ሰርኬ ጠላ ሻጭ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ ምላሷ ደግሞ ከሳቋ የሚብስ ሴት። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ቀን ማኅበር ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ጥሩብርሃን በሰርኬ ነጠላ ጥለት ላይ የምትጓዝ ቅማል አየች። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ቢብስ በጆሮ ሹክ ይላል። ጥሩብርሃን ግን በሁለት ጣቷ ለቀም አደረገቻት፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ለማኅበርተኛው ሁሉ አሳየቻት፤ ከዚያ በአውራ ጣቶቿ ጥፍር መሀል አስገብታ ቀጭ አደረገቻት። ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ሰርኬ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር እየተጎራበቱ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ተባብለው አያውቁም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ የመንገድ ሥራ አለቃ የሆነ ካፒቴን ቤት ሊመርጥ ኮልፌ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነው። ከኋላው ነገሬ የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ የተማረ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እንደ ሰረቀ ሰው ዙሪያውን የሚያይ ወጣት።

ካፒቴኑ የጥሩብርሃን ቤት ሲገባ ቆመ። ወለሉን አየ። ግድግዳውን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የበሩን መቃን አናት በጣቱ ጠረገና ጓንቱን ተመለከተ። ጓንቱ እንደ ነጣ ነው።

«ፑሊቶ!» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው።

«እትዬ ጥሩብርሃን፣» አለ ነገሬ፣ «ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ጌታው በቤትዎ በጣም ተደስተዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ በላቸው።»

«ኮልፌ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ቤት ይህ ብቻ ነው፣ ሌላው በረት ነው ይላሉ።»

ጥሩብርሃን ፈገግ ማለቷን ልትደብቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ባሏ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ጣሊያንም ቢሆን የሚያይ ዓይን አለው ብላ አሰበች።

«ስለዚህ፣» አለ ነገሬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እስከ ሰኞ ለቅቃችሁ ትወጣላችሁ። ጌታው ሊገቡበት ነው።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። «ምን አጥፍተን?»

«ምንም አላጠፋችሁም። ስላጸዳችሁ ነው።»

ካፒቴኑ ሁለተኛውን ክፍል በርምጃ ሊለካ ሲገባ ነገሬ ወደ እሷ ጠጋ አለና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ተናገረ። «ባለፈው ወር ጉለሌ የድንጋይ ቤት ተሰጥቷቸው ነበር። መጋረጃው ላይ አንዲት ቅማል አይተው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ለቀቁ። ፒዶኪ ነው የሚሏት በነሱ ቋንቋ። ተስቦ ታመጣለች ብለው ይፈሯታል፤ በየሰፈራቸው ወታደር ጨርሳባቸዋለች። ጌታው ጥይት አይፈሩም። ፒዶኪ ግን ስሟ ሲነሣ ይቀመጡበት ያጣሉ።» ዙሪያውን አየ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምንም አላልክም፣» አለች ጥሩብርሃን።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ገብረአምላክ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳንቃውን በመዳፉ ሲዳብስ ቆየ። «አቤቱታ እንጻፍ፣» አለ።

«ለማን?»

«ለመንግሥት።»

«ጣሊያንን ለጣሊያን ልትከስ?»

ጥሩብርሃን ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ያልነበረ አቧራ አራገፈች፤ ከዚያ ፊቱ ቆመች።

«ቅማል ያስፈልገናል፣» አለች።

ገብረአምላክ ሚስቱን በዚያ ዓይን አይቷት አያውቅም። ሆኖም ክርክር ልማዱ አልነበረምና ነገሩን ስትነግረው ሰማ። ከዚያ በር ላይ ብርሃን ባለበት አስቀምጣው ጸጉሩን ከማጅራቱ እስከ ግንባሩ እየከፈለች በረበረችው። ያገኘችው ሰጋቱራ ብቻ ነው። ሸሚዙን አስወልቃ ስፌቱን አየች። ብርድ ልብሱን አየች። የራሷን ቀሚስ ገልብጣ አየች። ቤቱ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«አንድም የለህም?» አለች በቁጣ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጨረስሻቸው!»

«ለክፉ ቀን አንድ ጥንድ ማስቀረት እንዴት ያቅትሃል?»

ገብረአምላክ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ከዚያም ካጥሩ በላይ የሚታየውን የሰርኬን ጎጆ ጭስ ተመለከተ። ጥሩብርሃንም ተከትላው ወጥታ ተመለከተች። ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ጥሩብርሃን ጋቢዋን ደርባ ከሰርኬ ደጅ ቆመች። ጎጆው ውስጥ ጥግ ላይ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በቀር ጠጪ አልነበረም። ሰርኬ ጋን ላይ ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ቀና አለችና ደጇን አየች፤ ማንቆርቆሪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«መንገድ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም።»

«ጠላ አማረሽ?»

ጥሩብርሃን ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ ያደረችው ረጅም ንግግር ነበራት፤ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ክፉ ዘመን የሚያወራ። ከአፏ የወጣው ግን፣ «ቅማል ፈልጌ ነው፣» የሚል ሆነ።

ሰርኬ ጭልፋዋን አነሣች። «ቤቴ ድረስ መጥተሽ? ማኅበር ላይ ያዋረድሽኝ አልበቃሽም? ውጪ! ውጪልኝ፣ ዛሬ ጥርስሽን ነው ከጋን ውስጥ የምትለቅሚው!»

ጥሩብርሃን ወደ ኋላ እየሸሸች፣ ስለ ካፒቴኑ፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ፒዶኪ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። በሩ ጋ ስትደርስ ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። የሰርኬ ትከሻ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዷ፤ ከዚያ ዱካ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ስለ ጸዳሽ ተባረርሽ!» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ወይ ፍርድ! እግዜርስ አለ።»

«ትሰጪኛለሽ?»

የሰርኬ ሳቅ ቀስ ብሎ ሞተ። «የለኝም፣» አለች።

«አንቺ?»

«እኔ! ምን ያስደንቅሻል? ያን ቀን ከማኅበር ወጥቼ ቤቴ እንደ ደረስኩ ያለኝን ጨርቅ ሁሉ ቀቀልኩት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ስቀቅል፣ በእንዶድ ስዘፈዝፍ ሦስት ዓመቴ ነው። ነጠላዎቼ ተበጣጥሰው አለቁ። እጄን እዪው!» ዘረጋችላት። መዳፎቿ እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጥቀዋል። «አንዲት ቅማል የለችኝም። ለምን መሰለሽ? ምናልባት አንድ ቀን መንገድ ላይ ብታገኚኝና ብታዪኝ ብዬ።»

ጥሩብርሃን እጆቹን አየች። «ሰርኬ፣ እኔ...»

«ዝም በይ። አሁን ይቅርታ እንዳትዪኝ። ቅማል ፈልገሽ የምትዪውን አልቆጥረውም።»

ያን ጊዜ ከጥግ ጉሮሮ ማጽዳት ተሰማ። የተቀመጡት ሽማግሌ ጋሼ መኳንንት ነበሩ። ጋሼ መኳንንት የደጃዝማች ልጅ ነኝ ይላሉ፤ ደጃዝማቹ የትኛው እንደ ሆኑ ግን እንደ ጠላው ብዛት ይለዋወጣል። ከዘመኑ ሁሉ የተረፋቸው አንድ ጥቁር በርኖስ ነው። ጥቁር መባሉ በይሉኝታ ነው እንጂ ቀለሙ ከዓመታት በፊት ትቶት ሄዷል፤ ውኃም ነክቶት አያውቅም፤ እሳቸውም ክረምት ከበጋ አያወልቁትም።

«ከጨዋታችሁ ብገባ አይክፋችሁ፣» አሉ፣ «የሚፈለገው ነገር እኔ ዘንድ በብዛት አለ።»

ሰርኬ እጆቿን አጨበጨበች። «እውነት! እሳቸው ተቀምጠው እኛ እዚህ እንጨነቃለን!»

«ብቻ፣» ጋሼ መኳንንት ጣታቸውን አነሡ፣ «ተራ ቅማል አይምሰልሽ፣ ልጄ። ይህ በርኖስ ለአባቴ ከአንድ ራስ እጅ የተሸለመ ነው። እነዚህ በውስጡ ያሉት ከአባቴ ጋር ሦስት ዘመቻ የዘመቱት የልጅ ልጆች ናቸው።»

«ሹመትም አላቸው፣» አለች ሰርኬ። «ቀኝ ብብት ላይ ያለው ቀኛዝማች ነው።»

ጋሼ መኳንንት አልሰሟትም። ጥሩብርሃንን ትክ ብለው አዩዋት። «ለጣሊያኑ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ጫካ አልገባሁም። ጉልበቴ እንቢ አለ። ጠመንጃዬንም ቀሙኝ። በእጄ የቀረ ሠራዊት ይኸው ነው።» ተነሡ፤ በርኖሱን ከትከሻቸው አወረዱና በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «ይዝመቱ።»

ጥሩብርሃን የተቀበለችው ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነው። መልሳ ስታያቸው ግን ሽማግሌው በበርኖሱ ሥር የለበሱት አንድ ክርኑ የተቀደደ ስስ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ክንዳቸው በሐምሌ ብርድ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ደግሞ እንደማይበርዳቸው ሆነው ጣራ ጣራ ያያሉ። ጋቢዋን ከላይዋ ገፈፈችና አለበሰቻቸው። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ የታጠበ ጋቢ ነው። ጋሼ መኳንንት ጫፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ምንም አይሸትም፣» አሉ ቅር ብሏቸው።

«እንግዲህ ስሚ፣» አለች ሰርኬ፣ «አልጋ ላይ ጥለሽው ብትቀመጪ ያልቁብሻል። የሰው ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ደም ይፈልጋሉ። ካልበሉ ለሰኞ አይደርሱልሽም። ልበሺው።»

«እኔ?»

«እኔማ ሦስት ዓመት ቀቀልኩ። ተራው ያንቺ ነው።»

ያን ዓርብ ከሰዓት ጥሩብርሃን በንጹሕ ቤቷ መካከል በርኖስ ለብሳ እንደ ተገተረች ቆየች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንገቷ ሥር የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች። ቀጥሎ ብብቷ። ቀጥሎ ወገቧ ላይ፣ መቀነቷ ሥር፣ የጋሼ መኳንንት አባት ዘማቾች ሰፈር እየመረጡ እንደ ሆነ ገባት። እጇ ሳታስበው ወደ መጥረጊያው ሄደ።

«ገብሬ፣» አለች፣ «መጥረጊያውን የመሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ ቆልፍበት። ቁልፉን ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

ቅዳሜ ሲሆን ጀርባዋን እንደ በሬ በበሩ መቃን ታክ ጀመር። ወለሉ በቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈተግ ዋለ። ገብረአምላክ አዘነላትና ተራ ልውሰድ አላት፤ በርኖሱን ደርቦ አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲነቃም፣ «ይሞቃል እኮ፣» አለ፣ እንዲያውም ደስ ብሎት። ሚስቱ አንገቱ ላይ የምትሄደውን ቅማል እያየች እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች። እየለቀሙ መግደልን የመሰለ ነገር በሕይወቷ አምሯት አያውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በርኖሱን ለብሳ ሄደች፤ አውልቃው ብትሄድ ይራባሉ። የሴቶቹ መቆሚያ እንደ ሁልጊዜው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጥሩብርሃን ገብታ ስትቆም ግን በግራም በቀኝም እልፍ እልፍ ተባለ። ሃያ ዓመት ስትመኘው የኖረችውን ሰፊ ቦታ በዚያ ቀን አገኘች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ስሟን ሰማች። ሰርኬ ያን ቀን ከማኅበር ወጥታ እንዴት ቤቷ እንደ ደረሰች አሰበች። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀንም አስባው አታውቅም ነበር።

ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ካፒቴኑ ከነገሬና የብረት አልጋ ከተሸከሙ ሁለት ወታደሮች ጋር ሲመጣ ከራሱ እስከ ጫማው ረስርሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጥሩብርሃንና ገብረአምላክ ዕቃቸውን አላሰሩም። በርኖሱን ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ካፒቴኑ ሲገባ ቅማሉን ታሳየውና ጉዳዩ ያልቃል ብላ ነበር ያቀደችው። ካፒቴኑ ግን ጊዜ አልሰጣትም። ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ ሲያይ ዓይኑ በራ፤ የረጠበ ካፖርቱን ጥሎ በርኖሱን አነሣና በገዛ እጁ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

ገብረአምላክ አማተበ።

«ምን ይላል?» አለች ጥሩብርሃን፤ ካፒቴኑ ግራ ቀኝ እየተገላመጠ ራሱን እያደነቀ ያወራ ነበር።

«የመኳንንት ልብስ ነው ይላሉ። ከቤቱ ጋር አብረው ይወስዱታል።»

«የሰው ነው እኮ!»

«ልንገራቸው?»

የጥሩብርሃን ዋና ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ካፒቴኑ ክፍሉን እየዞረ የአልጋውን ቦታ ያሳያል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አያክም። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሲበሏት የከረሙት ዘማቾች ጠግበው ተኝተዋል! ተነሡ እንጂ፣ አለች በልቧ፤ ለዚህ ነው እንዴ ደሜን የመገብኳችሁ? ይህን ጊዜ ካፒቴኑ ተንቀጥቅጦ ከሰሉ የሚነድበት ማንደጃ አጠገብ ተቀመጠና እጆቹን ወደ እሳቱ ዘረጋ።

ሙቀቱ የልቧን አደረሰላት። መጀመሪያ አንዲት በኮሌታው ጠርዝ ብቅ አለች፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ የማትቸኩል። ነገሬ አያት። ጥሩብርሃንን አየ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ጣራው አነሣ፣ እንደ ጸሎት። ሁለተኛዋ ተከተለች። ሦስተኛዋ በእጅጌው ወርዳ ነጩ ጓንት ላይ ወጣች፤ መሀሉ ላይም ደርሳ ቆመች።

ካፒቴኑ እጁን ወደ ፊቱ አቀረበ።

«ፒዶኪ!» የሚለው ጩኸት ወንዙ ማዶ ተሰምቷል ይላሉ። በርኖሱ ወደ አንድ ጥግ በረረ። ጃኬቱ ወደ ሌላ። ካፒቴኑ እየተንደረደረ ወጥቶ በዝናቡ መሀል ሸሚዙን ቀደደ፤ ጫማውን እየዘለለ አወለቀ፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ አንድ ጊዜ ጭቃ ላይ ጣለው፤ መጨረሻ ላይ በሙታንታ ብቻ ቆሞ ገላውን በሁለት እጁ ይጠፈጥፍ ጀመር። ወታደሮቹ አልጋውን ጥለው እሱን መያዝም መንካትም ፈርተው ዙሪያውን ይዞራሉ።

ጩኸቱን ሰምተው የሰርኬ ጠጪዎች ጣሳቸውን እንደ ያዙ ደጅ ወጡ። ጋሼ መኳንንትም በነጩ ጋቢ ተጀቡነው ከፊት ቆሙ፤ ደረታቸው ተነፍቷል። ማንም አልሳቀም። የዚያን ሳቅ ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል። ሰርኬ ብቻ መቻል አቃታት፤ ወደ ውስጥ ሮጣ በሯን ዘጋችና ባዶ ጋን ውስጥ አንገቷን ከትታ የልቧን ሳቀች።

ካፒቴኑ በዚያው ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። በማግስቱ የመጡት በጋሪ ላይ የእንፋሎት በርሜል የጫኑ የጤና ሰዎች ናቸው። ጥሩብርሃን ይህን አላሰበችም ነበር። የቤቱን ጨርቅ በሙሉ በርሜል ውስጥ ከተቱት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀል ሠሩና አንድ ነገር ጻፉበት፤ ነገሬ «ተስቦ ስላለ መግባት ክልክል ነው ይላል» ብሎ አነበበላቸው። ከዚያ ባለቤቶቹንና ከአጥሩ ጋር የሚዋሰነውን ሰው ሁሉ ጠርተው በጓሮው አሰለፉ፤ መቀስና መላጫ ወጣ። መንደሩ ሊያይ ተሰበሰበ።

የጥሩብርሃን ሹሩባ እግሯ ሥር ወደቀ። አላለቀሰችም፤ ለአንድ አፍታ ግን ሊጠረግ እንደሚገባ አሰበች። ቀጥሎ ሰርኬን አስቀመጧት። ሰርኬ ወንበሩን ይዛ ተንፈራገጠች። «እኔ የለብኝም! ልቀቁኝ! ቅማል የለብኝም!» እያለች። ከተሰበሰበው ሕዝብ መሀል አንድ ሰው «እህ» ብሎ ሳቀ።

ጥሩብርሃን በተላጨ ራሷ፣ በውስጥ ቀሚሷ ብቻ፣ ወደ ፊት ወጣች።

«ነገሬ! ለሐኪሙ ንገረው!» አለች ሕዝቡ ሁሉ እስኪሰማ። «የሷ ራስ ንጹሕ ነው በለው። ልብሷም ንጹሕ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቅማል የለባትም። ቅማላሟ እኔ ነኝ። እኔ ምስክር ነኝ!»

ሰርኬ መንፈራገጧን ተወች። ነገሬም ቃል በቃል ተረጎመ። ሐኪሙ ሰማና ትከሻውን ነቅንቆ ላጫት።

«ይህችኛዋን ይቅርታ እቆጥራታለሁ፣» አለች ሰርኬ ከመቀሱ ሥር ሆና።

በርኖሱ ከበርሜሉ የወጣው ማታ ሊሆን ሲል ነው። ሱፍ ሲቀቀል ይኮማተራል፤ ያ የደጃዝማች በርኖስ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚበቃ ሆኖ ወጣ። ጋሼ መኳንንት ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ጥሩብርሃን ከፊታቸው ቆማለች። «ሠራዊቴ አለቀ፣» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አቅፈውት ሄዱ። ጋቢውን መልሱልኝ ብላ አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ስለ አባታቸው ሲያወሩ ራስ የሸለማቸው ጋቢ ነበር ማለት ጀመሩ።

ቤቱ ተረፈ። በቀዩ ምልክት የተነሣ ጣሊያን የሚባል ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠም። ሐሙስ ዕለት ግን ገብረአምላክ መጋዙን አስቀምጦ ብርድ ብርድ አለኝ አለ፤ ወዲያው እንደ ከሰል ነደደ። ጥሩብርሃን የቅማሉ ንክሻ ደረቱ ላይ ተደርድሮ አየች። በርኖሱን ደርቦ ይሞቃል እኮ ያለው ትዝ አላት። ለሳንቃ ብዬ ገደልኩት አለች። ምልክቱን አይቶ ጣሊያን ብቻ ሳይሆን ዘመድም ጎረቤትም ራቀ፤ ማኅበርተኞቿም በአጥር ላይ እግዜር ይማርልሽ እያሉ ያልፉ ነበር።

ሰርኬ ብቻ በቀዩ መስቀል ሥር አጎንብሳ ገባች። የአጥሚት ድስት ይዛለች። «ምን ታዪኛለሽ? ያዢው እንጂ፣ ያቃጥላል፣» አለች።

ሁለቱ እየተፈራረቁ አስታመሙት። ትኩሳቱ በሰባተኛው ቀን ለቀቀው፤ ዳነ ብለው ሲደሰቱ ከሳምንት በኋላ አገረሸበት፤ ያን ጊዜ መቃዠት ጀመረ። ጥሩብርሃን በነዚያ ቀናት ወለሉን አልፈተገችም፤ ሰርኬ ከነጭቃ እግሯ ስትገባና ስትወጣም አላየችም። አንድ ጊዜ ሰርኬ እርጥብ ጨርቅ ስትጨምቅ ጥሩብርሃን የተሰነጣጠቀ መዳፏን ያዘችና ቅቤ ቀባችላት፤ ሰርኬም እጇን አልነጠቀችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ገብረአምላክ ዓይኑን ገለጠ። ላብ አጥምቆታል፤ ግንባሩ ቀዝቅዟል። ከበላዩ ሁለት የተላጩ ራሶች በፀሐይዋ እያብለጨለጩ ጎንበስ ብለው ያዩታል። አንዱን አየ። ሌላውን አየ።

«ደረስኩ እንዴ?» አለ በደከመ ድምፅ።

«የት?»

«ሰማይ።»

ጥሩብርሃን አፏን በመዳፏ ያዘች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም አላወቀችውም። ሰርኬ ናት የመለሰችለት።

«ኮልፌ ነህ። ሰማይ ቤት ማን ጠላ ሊሸጥልህ?»

ገብረአምላክ ትንሽ አሰበ። «አለ እንዴ?»

ሰርኬ ሮጣ ወጣችና በጣሳ ይዛ ተመለሰች። ጥሩብርሃን አንገቱን ደግፋ ቀና አደረገችው። አንዴ ጎንጨት አለ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ፊቱን አጨማደደ።

«ቀጥኗል፣» አለ።

«ድኗል!» አለች ሰርኬ፣ ጣሳውን ከእጁ እየነጠቀች።